በቦይ ዳር እየተዘዋወሩ አዳኝ ዓሣ ማጥመድ፦ አንድ ቦታ ላይ ምን ያህል መቆየት ይገባል?

የማዶ ዳር

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ፓይክ፣ ፐርችና ዛንደር የተባሉትን አዳኝ ዓሣዎች በጀልባ ቦዮች ላይ ስለማጥመድ የሚነሡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በማጥመጃው ዓይነትና ቀለም ላይ ነው። እኔ ግን ከማጥመጃው በፊት ሊታሰብበት የሚገባው አጥማጁ የሚሄድበት መንገድና የሚቆምበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ውይይት የከፈትኩትም እየተዘዋወሩ ስለማጥመድ ብቻ እንድንነጋገር ነው።

ቦይ ሰው የቆፈረው ውሃ ስለሆነ ከወንዝና ከሐይቅ የሚለይበት ጠባይ አለው። ስፋቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ጥልቀቱም በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ኪሎ ሜትሮችን ያህል ሁሉም ቦታ እኩል ይመስላል። ለዓሣው ግን እኩል አይደለም። መሐል ለመሐል ጀልባዎች የሚሄዱበት ጠለቅ ያለ መስመር አለ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ጥልቀት የሌለው መደብ ይገኛል፤ መደቡ ወደ ጥልቁ መስመር የሚወርድበት ተዳፋትም አዳኝ ዓሣዎች የሚመላለሱበት ጎዳና ነው። በዚህ ወጥ ውሃ ውስጥ ከወጥነቱ የሚያፈነግጥ ነገር ሁሉ፣ ማለትም የድልድይ ሥር፣ የታሰረ ጀልባ፣ ከማዶ ውሃው ላይ የተንጋለለ ቅርንጫፍ፣ የፊላ ወይም የሸምበቆ ጥግ፣ የጎርፍ ውሃ የሚገባበት ቱቦ፣ ትናንሽ ዓሣዎችን ይሰበስባል፤ እነርሱ ባሉበት አዳኙም አይጠፋም።

ስለዚህ ባዶ ለሚመስለው ውሃ ጊዜ አልሰጥም። የምሄድበትን ርቀት አስቀድሜ በሳተላይት ምስል እመለከታለሁ፤ ድልድዮች፣ ጀልባ የሚዞርባቸው ሰፋፊ ቦታዎችና መታጠፊያዎች ከላይ ሲታዩ በግልጽ ይለያሉ። ቦታው ስደርስ ከውሃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሜ የመጀመሪያውን ውርወራ ከራሴ ዳር ጋር ትይዩ አድርጌ እልካለሁ። ብዙ ሰው ጠርዙ ላይ ቆሞ በቀጥታ ወደ ማዶ ሲወረውር፣ ከእግሩ ሥር በመደቡ ጫፍ ላይ የተኛውን ዓሣ በጥላውና በእርምጃው ንዝረት ያባርረዋል። ከዚያ በኋላ በማዕዘን ወደ መሐል፣ በመጨረሻም ወደ ማዶው ዛፍ ሥር እወረውራለሁ። ከአምስት እስከ ስምንት በሚሆን ውርወራ አቅጣጫዎቹን ሁሉ ከነካሁ በኋላ ምልክት ካላየሁ እሄዳለሁ።

ምክንያቴ የዓሣው አካል ራሱ ነው። የፓይክ የጀርባና የታችኛው ኋላ ክንፎች ወደ ጭራው ተጠግተው የሚገኙት በአጭር ርቀት በድንገት ለመፈትለክ ነው፤ ለረጅም ማሳደድ የተሠራ አካል አይደለም። አድፍጦ የሚጠብቅ ዓሣ ደግሞ የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን ማጥመጃ ሲያይ ይወስናል። አሥራ አምስተኛው ውርወራ ያሳመነው ፓይክ የለም አልልም፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ገና ማጥመጃ ያላዩ ሌሎች ዓሣዎች ያሉባቸውን ሁለት ቦታዎች መሞከር ይቻላል።

እናንተስ አንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ትቆያላችሁ? ዓሣው እንደሌለ ወይም እንዳልፈለገ የምትወስኑትስ በምን ምልክት ነው?

---

ጸጥ ያለ ውሃ

ውድ የማዶ ዳር፣

ጽሑፍዎን በጥሞና አነበብኩት፤ ስለ ተዳፋቱና ስለ መጀመሪያው ውርወራ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሆኖም የእርስዎ አካሄድ በፓይክ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ ለሦስቱም ዓሣዎች እኩል የሚሠራ ተደርጎ መቅረቡ አያሳምነኝም።

ዛንደር ከፐርች ቤተሰብ የሚመደብ ዓሣ ነው። አንዳንድ ሰዎች የፓይክና የፐርች ድቅል አድርገው ቢያስቡትም ድቅል አይደለም፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። በዓይኑ ውስጥ በስተኋላ በኩል ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው በድፍርስ ውሃና በድንግዝግዝ ከሚታደኑት ዓሣዎች የተሻለ ያያል። በጀልባ ቦይ ላይ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው፤ ምክንያቱም ጀልባ ባለፈ ቁጥር ደለሉ ይነሣና ውሃው ይደፈርሳል። ፓይክ በዓይኑ በእጅጉ የሚተማመን አዳኝ በመሆኑ በዚያ ሰዓት ሲቸገር፣ ዛንደር ግን ሥራውን ይጀምራል። እርሱም አንድ ጥግ ይዞ አድፍጦ የሚቀመጥ ሳይሆን በትናንሽ ቡድን ሆኖ በጥልቁ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ዓሣ ነው።

እንግዲህ ዓሣው ራሱ የሚዘዋወር ከሆነ አጥማጁም በሚዘዋወርበት ጊዜ ሁለቱ ሳይገናኙ ሊተላለፉ ይችላሉ። እኔ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ ጥልቁ መስመር ወደ ዳር ከሚጠጋበት መታጠፊያ ላይ እቀመጥና ትንሽ የሞተ ዓሣ ከታች አጋድሜ እጠብቃለሁ። ዛንደር ክብደት ሲሰማው ማጥመጃውን የመትፋት ልማድ ስላለው ክሩ ያለ ተቃውሞ እንዲንሸራተት አድርጎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሆኖም ንክሻው እንደታየ ሳይዘገዩ መሳብ ይገባል፤ ካልሆነ ዓሣው መንጠቆውን ይውጠዋል፤ የዋጠውን ዓሣ ደግሞ በሕይወት መመለስ ከባድ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፦ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንደ እርስዎ እየሄድኩ ውሃውን አነባለሁ፤ በድንግዝግዙ ሰዓት ግን ከመረጥኩት ቦታ አልነሣም።

---

ቀጭን ክር

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ በአብዛኛው የማጠምደው ፐርች ስለሆነ የክርክሩን ሦስተኛ ወገን ላቅርብ።

ፐርች በመንጋ ያድናል፤ በቀን ብርሃንም ይሠራል። አንድ ፐርች ከተያዘ በዚያው አካባቢ ሌሎች አሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ለፐርች የመቆያ ጊዜ የሚወሰነው ከመጀመሪያው ንክሻ በኋላ ነው። ንክሻ እስኪገኝ ድረስ ከማዶ ዳር በበለጠ ፍጥነት እሄዳለሁ፤ አንድ ድልድይ ሥር ሦስት ወይም አራት ውርወራ ይበቃኛል። ንክሻ ከተገኘ በኋላ ግን ፍጥነቴን አቆምና ያንን አካባቢ በዝርዝር እፈትሻለሁ፤ ትልልቆቹ ፐርቾች ብዙ ጊዜ ከመንጋው ጫፍ ወይም ትንሽ ራቅ ብለው፣ ወደ ጥልቁ ጠጋ ብለው ይገኛሉና።

ለዚህ የምጠቀምበት አሠራር ክብደቱ ከክሩ ጫፍ፣ መንጠቆው ደግሞ ከክብደቱ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚታሰርበት ነው። የዚህ አሠራር ጥቅሙ ማጥመጃው ሳይርቅ በአንድ ቦታ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ መቻሉ ነው። በታሰረ ጀልባ ጎን ክብደቱን ቀስ አድርጌ አወርደዋለሁ፤ ደለሉን ሲነካ ክሩ ይላላል፤ ከዚያ ክሩን ልክ እስኪወጠር ብቻ እሰበስብና የዘንጉን ጫፍ በትንሹ አንቀጠቅጣለሁ፤ ክብደቱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። አምስት ሴኮንድ ያህል አንቀጠቅጥና ሙሉ በሙሉ አቆማለሁ። ፐርቹ የሚይዘው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ንክሻው ሁልጊዜ ምት አይደለም፤ አንዳንዴ ክሩ ላይ የነበረው ትንሽ ክብደት ድንገት የጠፋ ያህል ብቻ ነው የሚሰማው፤ ያንን የሚያውቅ ጣት ከዘንጉ ዋጋ ይበልጣል።

በድልድይ ሥር ሲያጠምዱ ጥላው የሚያበቃበትን መስመር ልብ ይበሉ። ፐርቾች ከጥላው ውስጥ ሆነው በብርሃን ውስጥ የሚያልፉትን ትናንሽ ዓሣዎች ይመለከታሉ። ማጥመጃው ከብርሃን ወደ ጥላ እንዲገባ አድርጎ መሳብ ከተቃራኒው የተሻለ እንደሚሠራ ደጋግሜ አይቻለሁ።

---

ፊላ ሥር

የተከበራችሁ አንጋፋ አጥማጆች፣ እኔ በዚህ መስክ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ጥያቄዬ ቀላል መስሎ ቢታያችሁም እባካችሁ አትለፉኝ።

መጀመሪያ፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ለሚሄድ ሰው ምን ያህል ዕቃ ይበቃል? ሁለተኛ፣ ፐርች ለመያዝ በቀጭን ክር ስወረውር ፓይክ ቢመጣ ምን ይደረጋል? ሁልጊዜ የብረት ሽቦ ማሰር አለብኝ ወይስ ሽቦው ፐርቹን ያስደነግጠዋል? ሦስተኛ፣ ጀልባ አልፎ ውሃው እንደ ቡና ሲደፈርስ ማቆም ይሻላል ወይስ መቀጠል?

---

የማዶ ዳር

እኅቴ ፊላ ሥር፣ ጥያቄዎችሽ ከርዕሱ ልብ የወጡ ናቸው።

እየተዘዋወረ የሚያጠምድ ሰው ዋና ጠላቱ የራሱ ሻንጣ ነው። ወንበር፣ ሁለተኛ ዘንግና ትልቅ ሣጥን የያዘ ሰው ሳያውቀው መቀመጥ ይጀምራል፤ ዕቃውን ማንሣት ስለሚከብደው ብቻ መጥፎ ቦታ ላይ ይቆያል። አንድ ዘንግ፣ ርዝመቱ ከ2 ሜትር እስከ 2.4 ሜትር የሆነ፣ በዛፍና በድልድይ ሥር ለመሥራት ይመቻል። ክሩ የተገመደ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ስለማይለጠጥ የታችኛውን ደለልና የላላውን ንክሻ ለጣት ያደርሳል። ማጥመጃዎቹ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ይበቃሉ፦ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር የሆኑ የጎማ ዓሣዎች፣ ከ3 እስከ 10 ግራም የሚመዝኑ ባለ እርሳስ ራስ መንጠቆዎች፣ አንድ ሁለት የሚሽከረከር ቅጠል ያላቸው ብረቶች፣ እንዲሁም ለፓይክ ተለቅ ያለ አንድ የሚዋኝ ማጥመጃ። በጀርባ የሚታጠፍ መረብ፣ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫ፣ የሚጠቀለል እርጥብ የዓሣ ማረፊያ ምንጣፍና ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር ጨምሪ። ከእነዚህ ውስጥ የሚቀነስ ካለ ማጥመጃ ይቀነስ፤ ፒንሳውና ምንጣፉ ግን ከቤት መቅረት የለባቸውም።

ስለ ሽቦ ያለኝ አቋም ጽኑ ነው። ፓይክ ባለበት ውሃ ሁሉ ሽቦ ይታሰራል። የፓይክ አፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች ያሉት ሲሆን በአፉ ጣሪያ ላይ ያሉት ወደ ኋላ የተጋደሙ ናቸው፤ ናይለንም ሆነ የተገመደ ክር በአንድ የራስ ውዝዋዜ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ዓሣው በአፉ መንጠቆ እንደያዘ ይሄዳል። ዛሬ በጣም ቀጫጭንና ለስላሳ ሽቦዎች ስላሉ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚሆን አንድ ቁራጭ ለፐርች ማጥመጃም ቢታሰር ንክሻውን ብዙም አይቀንሰውም። ቢቀንስ እንኳ የሚቀረው ንክሻ በሕይወት ከሚመለስ ዓሣ ጋር ሲመዘን የሚያስቆጭ አይደለም።

ለሦስተኛው ጥያቄሽ፦ አታቁሚ፤ ነገር ግን አካሄድሽን ቀይሪ። የሚሽከረከረው ቅጠልና ጭራው የሚወዛወዘው ጎማ በውሃው ውስጥ ንዝረት ስለሚልኩ፣ ዓሣውም በጎኑ ባለው የስሜት መስመር ስለሚያገኛቸው፣ በድፍርስ ውሃ እነርሱን ቀስ አድርጎ መሳብ ይጠቅማል። ጀልባው ሲያልፍ ትናንሽ ዓሣዎች ወደ ዳርና ወደ አረሙ ይገፋሉ፤ ስለዚህ ከጀልባው በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች መደቡን ከተዳፋቱ አስቀድመሽ ፈትሺ።

---

ጸጥ ያለ ውሃ

በጀልባው ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጀልባ ሲቀርብ ውሃው ወደ ጀልባው ይሳባል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ጀልባ ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚሸጋገርባቸው በሮች ሲከፈቱም በዚያ የቦዩ ክፍል ያለው ውሃ ሁሉ ለጊዜው እንደ ወንዝ ይፈስሳል። የቆመ ውሃ ላይ ተኝቶ የነበረው አዳኝ በዚህ እንቅስቃሴ ይነቃል፤ ትናንሾቹ ዓሣዎች ሚዛናቸውን የሚያጡበት ጊዜ ነውና። ከታችኛው በር በታች ያለው የሚናጥ ጥልቅ ቦታ በተለይ በበጋ ሙቀት ኦክስጅን ስለሚያገኝ መታየት ያለበት ነው። በበሩ መግቢያ ላይ ጀልባ ለመጠበቂያ የተዘጋጀውን ዳርቻ ግን ለጀልባዎቹ መተው ይገባል፤ በሩ ራሱ ላይ መቆምም አደጋ አለው፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ግድግዳውም ቀጥ ያለ ስለሆነ የወደቀ ሰው በቀላሉ አይወጣም።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ትናንሽ ዓሣዎች ከረጅሙ ቦይ ለቀው ጀልባዎች በብዛት በሚታሰሩባቸው ሰፋፊ ገንዳዎች፣ በከተማ ድልድዮች ሥርና ከነፋስ በተጠለሉ ጥልቅ ቦታዎች ይከማቻሉ። ያኔ ብዙ ኪሎ ሜትር ምንም ሕይወት የሌለበት ሆኖ አንድ ሃምሳ ሜትር ብቻ በዓሣ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በክረምት መዘዋወር የሚጠቅመው ያንን ሃምሳ ሜትር እስኪያገኙ ድረስ ነው፤ ካገኙት በኋላ መሄድ ከዓሣው መራቅ ነው። ማጥመጃውም በቀዝቃዛ ውሃ እጅግ ቀስ ተብሎ መሳብ አለበት፤ የዓሣው ሰውነት ሙቀት የውሃው ሙቀት ስለሆነ በቅዝቃዜ የሚያስፈልገው ምግብም፣ ለማሳደድ ያለው አቅምም ይቀንሳል።

---

የማዶ ዳር

ስለ ክረምቱ ገንዳ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ አስተያየቴንም በዚሁ አስተካክላለሁ። የእኔ ከአምስት እስከ ስምንት ውርወራ ዓሣው በተበተነበት ወቅት የሚሠራ ሥርዓት ነው። ዓሣው በተከማቸበት ወቅት የሚዘዋወረው አጥማጁ ሳይሆን ማጥመጃው መሆን አለበት፤ ያንኑ ገንዳ በጥልቀት፣ በማዕዘንና በፍጥነት እየለዋወጡ መፈተሽ ማለት ነው።

---

ስንጥብ

ውይይታችሁ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እየተዘዋወረ ለሚያጠምድ ሰው ከሁሉ በላይ ከባድ የሆነው ነገር ገና አልተነሣም። ተቀምጦ የሚያጠምድ ሰው መረቡንና ምንጣፉን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሚዘዋወረው ግን ዓሣ የሚይዘው በግንብ ጠርዝ፣ በጠጠር መንገድ ወይም በእሾህ መካከል ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ዓሣውን የት እንደሚያወጣ ከመወርወሩ በፊት ካላሰበ ዓሣው ጠጠር ላይ ይንፈራገጣል። እኔ አንድ ቦታ ስደርስ መጀመሪያ የምመለከተው ዓሣው ያለበትን ሳይሆን እኔ ተንበርክኬ ውሃውን በመረብ ልደርስበት የምችልበትን ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ የቱንም ያህል ቢያምር አልወረውርም።

ፓይክን መንጠቆ ማላቀቅ የሚያስፈራ የሚመስለው አያያዙ ስላልታወቀ ነው። ዓሣው በእርጥብ ምንጣፍ ላይ በጎኑ ይተኛል። አጥማጁ እጁን ካረጠበ በኋላ ሁለት ጣቶቹን ከስንጥቡ ክዳን ጠርዝ ሥር አስገብቶ፣ ቀዩን ስንጥብ ፈጽሞ ሳይነካ፣ ከክዳኑ ውስጠኛ ጎን ጋር እያስጠጋ ወደ አገጩ አጥንት ድረስ ያንሸራትታቸዋል። እዚያ ሲደርስ ራሱን በትንሹ ከፍ ቢያደርገው አፉ በራሱ ይከፈታል፤ በሌላው እጅ ባለው ረጅም ፒንሳ መንጠቆው በገባበት መንገድ ተገልብጦ ይወጣል። መንጠቆው እምቢ ካለ ደግሞ ጫፉን በሽቦ መቁረጫ ቆርጦ መተው ከመታገል ይሻላል። ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዎችን መቀነስና የመንጠቆውን ማስቀሪያ እሾህ በፒንሳ አስቀድሞ መጨፍለቅ ይህን ሥራ በሴኮንዶች የሚያልቅ ያደርገዋል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ዓሣውን አግድም ይያዝ፤ በመንጋጋው ብቻ ማንጠልጠል ትልቁን ዓሣ ይጎዳዋል። ፐርች የሚይዝ ሰው ደግሞ የጀርባውን እሾህና በስንጥቡ ክዳን ላይ ያለውን ስለታማ ጫፍ ይጠንቀቅ።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከ11 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል በ20 ዲግሪ 9 ሚሊግራም ገደማ ነው። ዓሣው ግን በሙቀት የሚያስፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። በትግል የደከመ ፓይክ በዚያ ሙቀት ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የቦዩ ውሃ ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ፓይክን ሆን ብሎ ማጥመድ መተው አለበት ብዬ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ማለዳ ላይ ፐርች ማጥመድ ይቻላል፤ ፓይኩ እስከ መኸር ይረፍ።

---

የድልድይ ሥር

ስንጥብ የጻፉትን ሁሉ አጸድቃለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ መንገዱ ነው፤ የሚዘዋወር አጥማጅ የቦዩን ዳር መንገድ ከእግረኛና ከብስክሌት ጋር ይጋራልና። ከመወርወር በፊት በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ኋላ መመልከት፣ ዘንግን መንገድ ላይ አጋድሞ አለመተው፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄዱም መንጠቆውን በዘንጉ ማሰሪያ ላይ መሰካት የግድ ነው። የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቦይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከከፍተኛ ኃይል መስመሮች ሥር ያልፋል። ሽቦው በሚያልፍበት አካባቢ በሁለቱም ወገን ሠላሳ ሜትር ያህል ዘንግን ዝቅ አድርጎ ማለፍና ፈጽሞ አለመወርወር ይገባል። በቦይ ውሃ ውስጥ የአይጥ ሽንት የሚያመጣው የሌፕቶስፓይሮሲስ ሕመም ሊኖር ስለሚችል የተቆረጠ እጅ ይሸፈን፤ ምግብ ከመብላት በፊትም እጅ ይታጠብ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም የተሰማው ሰው ቦይ ዳር እንደነበረ ለሐኪሙ ይንገር።

ሌላው ጉዳይ ሕግ ነው፤ ቦዮች አገር ስለሚያቋርጡ ሕጉም ከውሃ ውሃ ይለያያል። በኔዘርላንድስ በአብዛኛው ውሃ ላይ ከኤፕሪል 1 እስከ ሜይ የመጨረሻ ቅዳሜ ድረስ በሰው ሠራሽ ማጥመጃና በሞተ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 የሚዘልቀው የወንዞች ክልከላ አብዛኞቹን ቦዮች ባይነካም የተከለሉ ቦዮች አሉ፤ ዕድሜው 13 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰውም የዘንግ ፈቃድ መያዝ አለበት። ዛንደር በዚያ አገር ተወላጅ ዝርያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ምሥራቅ እንግሊዝ በሚገኘው የታላቁ ኡዝ ወንዝ ማስተንፈሻ ቦይ ውስጥ ከተለቀቀ በኋላ ነው በዙሪያው ወዳሉ ውሃዎች የተስፋፋው፤ በኋላም ሰዎች ወደ መካከለኛው እንግሊዝ ቦዮች አሻግረውታል። ያለ ፈቃድ ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ማዛወር ወንጀል ነው።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦይ የተለያዩ ተፋሰሶችን ስለሚያገናኝ ለባዕድ ዝርያዎች በር ይከፍታል። የማይንና የዳኑብ ወንዞችን የሚያገናኘው ቦይ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጠናቀቅ የጥቁር ባሕር አካባቢ ዝርያዎች ወደ ራይን ወንዝ መሻገሪያ አግኝተዋል። በእርጥብ መረብና በጫማ ጭቃ የሚሻገሩም አሉ። በአንድ ቀን ሁለት የተለያዩ ውሃዎችን የሚጎበኝ አጥማጅ መረቡንና ምንጣፉን አጥቦና በደንብ አድርቆ ካልሆነ በስተቀር ወደ ሁለተኛው ውሃ መውረድ የለበትም።

---

ፊላ ሥር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ትናንት ማጥመጃዬን እስከ ዳር ድረስ ስስብ አንድ ፓይክ ከኋላው ተከትሎ መጣ፤ ከውሃው ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ፣ ክንፎቹን ብቻ እያንቀሳቀሰ ተመለከተኝና ቀስ ብሎ ወደ ጥልቁ ተመለሰ። ደጋግሜ ወረወርኩ፤ አልመጣም። እንዲህ ያለውን ዓሣ ትቶ መሄድ ይገባል?

---

የማዶ ዳር

አዎ፤ ነገር ግን ለጊዜው ብቻ ነው። የተከተለ ፓይክ ቦታውን አሳይቶሻል፤ እዚያ መሆኑን ካወቅሽ ደግሞ ሊበላ በሚፈልግበት ሰዓት ልታገኚው ትችያለሽ። ወዲያው ደጋግሞ መወርወር ያንኑ ያልፈለገውን ነገር በግድ ማሳየት ነው። ቦታውን በዛፍ ወይም በድልድይ ምልክት ያዢ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደፊት ሂጂና ስትመለሺ ከዳሩ ራቅ ብለሽ፣ ከቀድሞው በተቃራኒ አቅጣጫ፣ መጠኑና እንቅስቃሴው የተለየ ማጥመጃ ላኪለት። በፍጥነት የሚሄድ ብረት ከሆነ ያመለጠሽ፣ አሁን ቀስ ብሎ የሚሰምጥ ጎማ ይሁን። በዚህ ጊዜም ካልመጣ ብርሃኑ ሲቀንስ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሺ፤ መመለስ ደግሞ የመዘዋወር ግማሹ ነው፤ ቦዩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሄዶ የሚጨርስ ሰው ያየውን ሁሉ ትቶት ይሄዳል።

---

ጸጥ ያለ ውሃ

በዚህ ላይ ከማዶ ዳር ጋር እስማማለሁ። እኅታችን እንዲህ ያለ ዓሣ እንደገና ሲከተላት ማጥመጃውን ከውሃው ቶሎ አታውጣው። የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ አስገብታ ማጥመጃውን ከዳሩ ጋር ትይዩ አዙራ፣ በሰፊው ዞር እያደረገች አንድ ሁለት ጊዜ ትሳበው፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያልነከሰ ፓይክ ማጥመጃው አቅጣጫ ሲቀይር ብዙ ጊዜ ይነክሳል። ክሩ በዚያ ርቀት እጅግ አጭር ስለሚሆን የክር መጠቅለያውን ፍሬን አስቀድማ ላላ ታድርገው፤ ቆማ ሳይሆን ተንበርክካም ትሥራ።